መጎብኘት ግን ይቻላል

«ይገባል እትዬ ሻሺቱ፤ የባለቤትዎ ስም ይገባል» አለ ጌዲዮን፣ ሴትየዋ ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል። «እኔ ራሴ ቆሜ ነው ያስጻፍኩት። ይነሱማ፣ ይዩት።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ሰሌዳውን ነዋ። ከታች በቀይ ‹በመምህር ወልደሥላሴ የብዙ ዓመት ድካም› ይላል። ቀይ የሆነው ሰማያዊው ቀለም አልቆብን ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልዎት።»

ሻሺቱ አፏን ልትከፍት ስትል እሱ ኮሪደሩ ላይ ደርሷል። ጌዲዮን ከልጅነቱም እንዲህ ነበር፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ የባሏ ተማሪ። ዛሬ የቅርስ ባለሙያ ተብሎ ቢሮ ቢሰጠውም ጠባዩን አልተወም። እሷም እግሯ ከአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር ከሲቀላ እዚህ ላይኛው ሴቻ ድረስ ካመጣት አይቀር ብላ ተከተለችው።

ሦስት የቆርቆሮ ሰሌዳዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ቀለማቸው ገና ስላልደረቀ አንዱ ላይ ዝንብ ተጣብቃ ቀርታለች። አንደኛው «እናት» ይላል፤ ሁለተኛው «ልጅ»፤ ሦስተኛው «የልጅ ልጅ»። አባያ ሐይቅ ላይ ተከታትለው የተቀመጡ ደሴቶች ናቸው። ከምዕራብ አባያ ዳርቻ ሆኖ ለሚያያቸው፣ ትልቋ ቀድማ ትንሿ ወደኋላ ቀርታ፣ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ይመስላሉ፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። እናት ላይ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ግንብና መቃብሮች አሉ። ልጅ ላይ የድሮ ሽማግሌዎች ሸንጎ የሚቀመጡበት የድንጋይ ክብ አለ። የልጅ ልጅ ላይ ሰው ቃል የሚገባባት አንዲት ትልቅ ሾላ ነበረች።

«ይኼ ሦስተኛው የት ሊተከል ነው?» አለች ሻሺቱ። «ደሴቷ እኮ ውሃ ከዋጣት ቆየ። የሾላዋ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው ይላሉ።»

«እሱን እንኳ በጥናት ላይ ነን።»

«አዞው ማንበብ ይችል እንደሁ ነው የምታጠኑት?»

ጌዲዮን ሳቀ። «ልክ እንደ ቲቸር።»

«እሱ ነው ከኔ የተማረው። ስማኝ ጌዲ፣ እኔ ስሙን ፈልጌ አልመጣሁም። እሱን ፈልጌ ነው።»

የልጁ ፊት ወዲያው ተለወጠ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኔም እኮ እትዬ፣ አንዳንድ ቀን በዚያ በር ሲገቡ ይታየኛል» ብሎ ጀመረ።

«አልቅስልኝ አላልኩህም። አፅሙን ላፈልሰው ነው። ውሃው ሳይወስደው እዚህ ላምጣው። ካህኑም እሺ ብለዋል፣ ጀልባም አለ። የቅርስ ሰዎች ይፍቀዱልሽ ስላሉኝ ነው ካንተ ጋ የመጣሁት።»

ጌዲዮን እጁን ከደረቱ ላይ አወረደ። ዓይኑ ወደ ሰሌዳው ሄደ፤ የሷም ተከተለው። በትልልቁ እንዲህ ተጽፏል፦ «ይህ ቅርስ በሕግ የተጠበቀ ነው። መንካት ክልክል ነው። ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። መቆፈር ክልክል ነው። መጎብኘት ግን ይቻላል።»

ሻሺቱ እነዚህን ቃላት ታውቃቸዋለች። ወልደሥላሴ ጡረታ በወጣ ሰሞን ማዕድ ላይ ነው የተጻፉት፤ የበቆሎው ኩርኩፋ እየቀዘቀዘበት፣ የሽፈራው ቅጠል የነካ ጣቱን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «እስቲ ስሚኝ» ብሎ ሲያነብላት «ይኼ ሁሉ ክልክል? ታዲያ ሰው መጥቶ ምን ያድርግ? ከጀልባው ሳይወርድ ይመለስ?» አለችው። ሳቀ፣ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ያቺን መጨረሻዋን ጨመረ። ለሰው ሁሉ «የመጨረሻዋ መስመር የሻሺቱ ናት» እያለ ይናገር ነበር፤ እሷ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች መሆኗን ረስቶ፣ ወይም ሳይረሳ።

«ጥበቃው ባለፈው ሰሞን ነው የጸደቀው» አለ ጌዲዮን ቀስ ብሎ። «ልጠራዎት ነበር። ቲቸር ደስ ይላቸዋል ብዬ።»

«ግንቡን ማን ነካው? እኔ የምቆፍረው ባሌን ነው።»

ጌዲዮን ማጅራቱን አከከ። «እሱ ላይ አንድ ነገር አለ። ነገ የእናትን ሰሌዳ ልተክል እሻገራለሁ። አብረን እንሂድና እዚያው ልንገርዎት።»

ወልደሥላሴ የይፋት ሰው ነበር። ታሪክ እንዲያስተምር አርባ ምንጭ ተመድቦ መጣና «ዝውውሬ እስኪወጣ» እያለ አረጀ። ሻሺቱን ያገኛት ካምባ ወረዳ ለፈተና ቁጥጥር በሄደበት ነው። ገበያ ላይ ቡላ ስትሸጥ ቆመና «ይኼ ገበያ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቃት። «ከጠዋት ጀምሮ» አለችው። ለዚህች መልስ ብሎ አገባት ይላል ሰፈርተኛው።

የሌላው ሴት ባል ውሽማ ይይዛል፤ የሻሺቱ ባል ደሴት ያዘ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሜትሩን በኪሱ አድርጎ ይሻገራል። ድንጋይ ይለካል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ወደ ቢሮ ይመላለሳል። ጎረቤት «ሻሺቱ፣ ባልሽ ዛሬም እናት ጋ ነው ያደረው?» ሲላት «ለናቱ ያልሆነ ወንድ ለሚስቱም አይሆን» ትላለች። ልጅ አልሰጣቸውም። ልጅ የሌለው ቤት ጸጥ ይላል ይባላል፤ የነሱ ቤት ግን ነገር ሲወራወሩ መሽቶ የሚነጋበት ቤት ነበር።

ሲሞት እናት ላይ ቅበሩኝ አለ። እሷም እሺ አለች። ያኔ ውሃው ሩቅ ነበር፤ ከዳርቻው እስከ ግንቡ ለመድረስ አስከሬን የተሸከሙት መንገድ ላይ እያረፉ ነው የሄዱት። መቃብሩን ለመገንባት ዕድርተኛው ሲሚንቶ ጭኖ ነበር፤ ማዕበል ጀልባው ውስጥ ገባና ሲሚንቶው እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ምን ይደረግ? ከግንቡ የወደቁትን የጥንት ድንጋዮች ለቃቅመው ያለ ሲሚንቶ ደረደሩለት። «ዕድሜውን ሙሉ ሲለካቸው ኖሮ አሁን ለበሳቸው» አለ አንዱ። ያን ቀን እንባ ላይ ሳቅ ተቀላቀለ።

ከዚያ ወዲህ ግን አባያ በየክረምቱ ከፍ እያለ መጣ። በዳርቻው ያለውን የሙዝ ማሳ በላ። የእናት ታቦት ወደ የብስ ተሻገረ፤ ካህኑም ሕዝቡም ተከተሉ። ሻሺቱ በልቧ አንድ ነገር ይዛ ነበር፤ ቀኗ ሲደርስ ተሻግራ እሱ አጠገብ ልትተኛ። ባለጀልባው ሽበሺ ዓሣ ሊሸጥ መጥቶ «ማዘር፣ ውሃው ቲቸር ጋ ሊደርስ ነው» ያላት ቀን ይኼ ሐሳብ ተገለበጠ። እሷ መሄድ ካልቻለች እሱ ይምጣ። ሰፈሯ ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከግራር ሥር፣ ለሁለት የሚበቃ ቦታ አስፈቀደች። ከሞተ ጀምሮ ከማንም የጠየቀችው ነገር ይኼ ብቻ ነው።

በማግስቱ ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት ጀልባ ገቡ። አባ ተክለጻድቅ፣ የእናት ደሴት የመጨረሻው ካህን፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊት ተቀመጡ። ሻሺቱ አንዲት የሳንቃ ሣጥን፣ አዲስ አቡጀዲና በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛ መጣች። ጌዲዮን ሰሌዳውን ከነብረት እግሩ ይዞ መጣ። ጀልባዋ ጠባብ ስለሆነች ሰሌዳውና ጆንያው ጎን ለጎን ተኙ።

«ይኼ ምንድን ነው እትዬ?»

«ዶማ ነው።»

ጌዲዮን ሰሌዳውን ወደራሱ ሳብ አደረገ።

የአባያ ውሃ እንደ ልማዱ ቀልቷል፤ ሸክላ የታጠበበት ይመስላል። አንድ ቦታ ሲደርሱ ሽበሺ ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋ በዝምታ ተንሸራተተች። ከውሃው መሐል የደረቁ ቅርንጫፎች ብቅ ብለዋል፤ ጥቁር ጥቁር ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ። የልጅ ልጅ ናት። ከደሴቷ የቀረችው ይቺ የሾላዋ ጫፍ ናት።

«ተበላሸ እንዴ?» አለ ጌዲዮን።

«አልተበላሸም። እዚህ ጋ የኛ ቤት ነበር። በሰው ቤት ላይ እየጮኹ አይታለፍም።»

ሻሺቱ ወደ ውሃው አየች። ምንም አይታይም። «አባትህስ ሽበሺ? እዚሁ አይደል የተቀበረው?»

«እዚሁ ነው።»

«አላወጣኸውም?»

ሽበሺ የሞተሩን ገመድ እጁ ላይ ጠቀለለ። «ያን ለት ማዘር፣ እኔ ልጆቼን ነበር የማወጣው» አለና ገመዱን ሳበ።

እናት ላይ ሲደርሱ መውረጃ አልፈለጉም። ጀልባዋ ቀድሞ ከብት ይሰማራበት በነበረው ሜዳ ላይ ሄዳ ሄዳ ከግንቡ ሥር ቆመች። እምቦጩ እስከ ደጀ ሰላሙ ፍርስራሽ ገብቷል። የወልደሥላሴ መቃብር ከጥንቶቹ መቃብሮች መጨረሻ፣ ወደ ሐይቁ ዝቅ ባለው በኩል ነው፤ እይታ ስለሚወድ። ውሃው ከግርጌው ደርሶ አንድ ድንጋይ ይልሳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይልሳል።

ሻሺቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች። አላለቀሰችም። «እንዴት ከረምክ?» አለችው፣ ከሥራ ሲመለስ እንደምትለው። «እግርህ እርጥብ ነው።»

አባ ተክለጻድቅ ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ጌዲዮን ግን መሬት መሬት እያየ ተጠጋ።

«እትዬ፣ ያ ልነግርዎት ያልኩት… ከላይ የመጡት ባለሙያዎች መቃብሮቹን ሲቆጥሩ ይቺንም ቆጠሯት። ድንጋዩ ያረጀ ነው፣ ሲሚንቶ የለውም። ‹ይቺም ከጥንቶቹ ናት?› ብለው ጠየቁኝ።»

«አንተስ?»

«ዝም አልኩ።»

«አንተ እኮ ቀብሩ ላይ ነበርክ።»

«ነበርኩ። ድንጋይ ሳቀብል የዋልኩት እኔ ነኝ።» ድምፁ አነሰ። «ከጥንቶቹ ጋር ቢቆጠሩ ደስ የሚላቸው መሰለኝ። አብሮ ጸደቀ።»

ሻሺቱ ወደሱ ዞረች። «ሰውዬው ከኔ በጥቂት ነው የሚበልጠው። እሱን ጥንታዊ ካላችሁት እኔን ምን ልትሉኝ ነው?»

ሽበሺ ሳቁን ዋጠ። ጌዲዮን ግን አልሳቀም። ለመስቀል ሰሞን ተቆጣጣሪዎች እንደሚመጡ፣ በመዝገብ የገባ መቃብር ተቆፍሮ ቢያገኙ፣ ወይም ከጥንቶቹ አንዱ የትናንት ሰው ነው ቢባል፣ ሌላውም ሁሉ እንደሚጠረጠር ነገራት። ጥበቃው ይነሳል። ከጥበቃው ጋር ለግንቡ የታሰበው የድንጋይ መከላከያም ይቀራል። ቲቸር በየቢሮው ደጅ የጠኑበት ሁሉ እንዳልነበር ይሆናል።

«መከላከያው እውነት ይሠራል?» አለች ሻሺቱ።

«ይሠራል ብለዋል።»

«አንተ ትላለህ?»

ጌዲዮን ውሃውን አየ። «እንጃ። ጥበቃው ከተነሳ ግን እንደማይሠራ አውቃለሁ።» ቀና አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቆፈር ካሉ ይቆፈር። እኔ እውነቱን ጽፌ እፈርማለሁ፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ። እርስዎ ይወስኑ።»

«ደግ አደረግህ» አለች ሻሺቱ፤ ምርቃት ግን አልነበረም። «ባገባኝ ጊዜ የወሰነው እሱ ነበር። ሲሞትም የት እንደሚቀበር የወሰነው እሱ። አሁን ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ጊዜ ልወስን ብነሳ ይኼን ይዘህ ትመጣለህ።»

ጆንያውን ፈታች። ሽበሺ ሊያግዛት ሲጠጋ በእጇ መለሰችው። ዶማውን መሬት ላይ አጋድማ ጎንበስ አለችና ከመቃብሩ ራስጌ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያዘች። ከባድ ነው። ስትገለብጠው አንድ ጎኑ ላይ የተቀረጸች፣ ጣት የምታህል መስቀል አየች።

ይቺን ድንጋይ ታውቃታለች። አዲስ ሙሽራ ሳለች እዚህ ይዟት መጥቶ፣ ደክሟት ልትቀመጥ ያለችው እሷ ላይ ነበር። «ተነሺ፣ ተነሺ» ብሎ ጮኸባት። «ይኼ ድንጋይ አይደለም፤ ታሪክ ነው።» «እኔስ ምንድን ነኝ?» አለችው ተናዳ። ግራ ገባው። ቆየና ያለውን አንድ ኮት አውልቆ ሣሩ ላይ አነጠፈ። «አንቺ እዚህ» አላት። ኮቱ ከዚያ ወዲያ አልጸዳም፤ እሱም ወደ ክፍል ያንኑ ለብሶ ይሄድ ነበር፣ ከኋላው አረንጓዴ ሆኖ፣ ተማሪ እየሳቀበት።

ሻሺቱ ድንጋዩን ታቅፋ ተቀመጠች፤ መሬት ላይ።  ውሃው ይልሳል፣ ይመለሳል።

«አባ» አለች በመጨረሻ።

«አቤት ልጄ።»

«ውሃ የሸፈነው ሰው ጸሎት ይደርሰዋል?»

አባ ተክለጻድቅ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ታቦቱን ከዚህ ሲያወጡ እንደ ልጅ ያለቀሱ ሰው ናቸው። «ጌታ ሲጠራ ከአፈር የሚነሳው ከውሃም ይነሳል» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ወልደሥላሴ ግን ሲነሣ መጀመሪያ ግንቡን ነው የሚያየው። አለ ወይ ብሎ» አሉ።

«እሱን ነው እኮ የምለው» አለች ሻሺቱ። «እሱ በሰው ጓሮ ሎሚ ወድቆ ቢያገኝ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ አያነሣም። እሱ ባወጣው ሕግ ላይ እኔ ዶማ ይዤ ብመጣ፣ እሱን አውጥቼ ደሴቱን ባሳጣው… አጠገቤ ሆኖ ያኮርፈኛል። የዚያን ሰው ኩርፊያ አታውቁትም። ሳምንት ነው የሚፈጀው። እዚያማ መጨረሻም የለው።»

ድንጋዩን ወደ ቦታው መለሰች። አልገጠመም፤ አዙራ መለሰች። ገጠመ። ከላዩ ያለውን አፈር በመዳፏ ጠረገችና እጇን ሳታነሣ ቆየች። እዚያ ጊዜ ላይ ነው ትከሻዋ የተንቀጠቀጠው። ድምፅ አልነበረውም። ሽበሺ ኮፍያውን አወለቀ።

አባ ፍትሐት አደረሱ። የሚቀበላቸው ስላልነበረ ጌዲዮን የሚያውቃትን ያህል እየተከተለ አጉተመተመ። ሻሺቱ ለአፅሙ የገዛችውን አቡጀዲ ሣጥኑ ውስጥ አጣጥፋ መለሰችው። «ለኔ ይሆናል» አለች፤ ለማንም አልነበረም።

ፀሐይ ከፍ ሲል ነፋሱ ጀመረ። ሽበሺ «እንቸኩል፣ ማዕበል ሊነሣ ነው» አለ። ጌዲዮን ሰሌዳውን ከጀልባው አወረደ። ከግንቡ ጥግ ቦታ መረጠ። ብረቱን መሬት ላይ አቆመው፤ ወደቀ። ደግሞ አቆመው። ዙሪያውን ተመለከተ።

«ምን ጠፋህ?» አለች ሻሺቱ።

«ጉድጓዱን መቆፈሪያ… ረስቼ መጣሁ።»

ሻሺቱ ዶማዋን ከመሬት አነሣችና አቀበለችው።

ጌዲዮን ዶማውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ መቆፈር ጀመረ፤ እንባው አፍንጫው ላይ እየወረደ፣ በእጅጌው እየጠረገ። ሽበሺ ብረቱን ያዘለት፣ አባ ጠጠር አቀበሉ። ሰሌዳው ወደ ሐይቁ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ሲያቆሙት ደረቅ የነበረው ጉድጓድ ከሥሩ ቀይ ውሃ አቀረረ። ሁሉም አዩት።

ጌዲዮን የተማሪነት አመሉ አልለቀቀውም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። መንካት ክልክል ነው። ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። መቆፈር ክልክል ነው። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ አቁሞ ወደ ሻሺቱ ዞረ።

«ይቺ የርስዎ ናት እኮ እትዬ። ቲቸር ነግረውናል። መጎብኘት ግን ይቻላል። በፈለጉ ጊዜ መጥተው ሊያዩዋቸው ይችላሉ፤ ይኼን ማንም አይከለክልዎትም።»

ሻሺቱ መቃብሩን አየች። እነሱ ጸሎት ላይ ሳሉ ውሃው ሁለተኛውን ድንጋይ ይዟል። ጫማዋን አወለቀችና በእጇ አንጠለጠለች፣ ወደ ጀልባው ልትገባ።

«እሱስ ደግ ነው» አለች። «እንግዲህ ዋና ልማራ።»